ቴምብሩን አትንቀሉት

አያታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለው ቴምብር ሚሊዮን ብር አያወጣም። ይህን መጀመሪያ ልበለውና እንገላገል። አብዛኛው መቶ ብርም አያወጣ። እርጅና ብቻውን ዋጋ አይደለም፤ ቢሆንማ ኖሮ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለ ድንጋይ ሁሉ ሚሊየነር ባደረገን። ሳጥኑ ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር ካለ ግን፣ እሱን ነው አሁን በሳፋ ውኃ ዘፍዝፋችሁ የምታጠፉት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ለዘመዶቼ ግን ይኼ ማለት ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ የጠፋ የፌስቡክ አካውንት አስመልሳለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ የቴምብር ዋጋ እገምታለሁ ማለት ነው። ከግምጃ ቤት፣ ከእንጅባራ፣ ከዳንግላ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣልኛል። መዳፍ ላይ የተቀመጠ ቴምብር፣ ጠረጴዛ ልብስ ላይ የተደረደረ ቴምብር፣ ገና ከውኃ የወጣ እርጥብ ቴምብር። ከፎቶው ሥር ሁሌም ያው ጥያቄ አለ፤ «ስንት ይሄዳል?» አንዳንዱ ከጥያቄው ጋር ቪዲዮ ያያይዛል። ቪዲዮውን ታውቁታላችሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጎን የሚታይበት የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር፣ ከሥሩ የዶላር ምልክትና ብዙ ዜሮ፣ ከጀርባ የሚያጣድፍ ሙዚቃ። «ይህ ቤታችሁ ካለ ሕይወታችሁ ተቀየረ!»

ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቴምብር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ያንን ዋጋ ያመጣው ግን ፍራንክሊን አይደለም። ሰማያዊው ቀለምም አይደለም። ከፊት ለፊት የሚታይ ምንም ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1860ዎቹ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አንድ ስጋት ነበረበት፤ ሰው በቴምብሩ ላይ የተመታውን ማኅተም እያጠበ መልሶ ይለጥፋል የሚል። ቻርልስ ስቲል የተባለ ሰው መላ አመጣ፤ የፈጠራ መብቱንም በጥቅምት 1867 አገኘ። ቴምብሩ ከታተመ በኋላ በማሽን ይወጋል። አምባሻ ላይ እንደሚወጣው ጥለት፣ ጥቃቅን የፒራሚድ ነጥቦች በረድፍ በረድፍ ወረቀቱ ውስጥ ይጫናሉ። የወረቀቱ ክር ሲሰበር የማኅተሙ ቀለም ጠልቆ ይገባል፤ ብታጥበውም አይለቅም። ይህ ፍርግርግ ነው «ግሪል» የሚባለው። ቀለም የለውም፣ ጽሑፍ የለውም። ወረቀት ላይ ያለ ጠባሳ ነው በቃ። ጥቂት ዓመት ተሠራበትና ቀረ።

ቀርቶም አልቀረም፤ ሰብሳቢዎች አገኙት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዊሊያም ስቲቨንሰን የተባለ ሰው ፍርግርጎቹን በመጠናቸውና በነጥቦቻቸው ለይቶ የፊደል ስም አወጣላቸው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ሄደ። አንደኛዋ ግን አስቸገረችው። የሌሎቹ ነጥቦች ጫፋቸው ላይ ያለው ቀጭን መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ሲቆም፣ የእሷ ግን አግድም ይተኛል። በቅደም ተከተሉ የት እንደምትገባ እርግጠኛ ስላልነበረ «ዜድ» ብሎ መጨረሻ ላይ አስቀመጣት። ኮድ የምትጽፉ ትረዱኛላችሁ፤ ሰውዬው የማያውቀውን ነገር በግምት ከመሙላት ይልቅ «ነል» ብሎ ተወው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን መጠኑን ተመልከቱ። ኢ ግሪል 11 በ13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዜድ ግሪል 11 በ14። የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት! በፍራንክሊኑ ባለ አንድ ሳንቲም ላይ ዜድ ግሪል ያለባቸው በዓለም የሚታወቁት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ስለሆነ አይሸጥም። ሌላው ነው በ1998 በ935 ሺህ ዶላር የተሸጠው፣ በ2005 ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣበት ባለ አራት ቴምብር ቁራጭ ጋር የተለወጠው፣ በ2024 ደግሞ ያልኳችሁን ዋጋ ያመጣው። ያው መልክ ያለው፣ ግሪል የሌለው ተራው ፍራንክሊን ግን በብዙ ሚሊዮን ታትሟል። ስለዚህ ቪዲዮው «ይህ ካላችሁ» ሲል የሚያናግረው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እንዳለው ያውቃል።

ሌላም አለ። ግሪሉ ዋጋ እንዳለው የታወቀ ዕለት ሐሰተኛ ግሪል መሥራት ተጀመረ። ርካሹን ቴምብር ትገዛለህ፣ የብረት ማኅተም ታስቀርጻለህ፣ ከኋላ ትጫነዋለህ። ለዚህ ነው እዚያ አገር ከባድ ዋጋ የሚጠየቅበት ቴምብር ያለ ምርመራ ወረቀት የማይሸጠው፤ ኒውዮርክ ያለው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ከ1945 ጀምሮ ሥራዬ ብሎ ይህን ይመረምራል። መርማሪው የሚያደርገው ነገር ቀላል ይመስላል። ቴምብሩን በወረንጦ ይይዝና ይገለብጠዋል። ጥቁር ነገር ላይ በጀርባው ያስተኛዋል፣ ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርጎ ያበራል፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ጠብ አድርጎ ጥላውን ያያል፣ ረድፎቹን ይቆጥራል፣ በሚሊሜትር ይለካል፣ የወረቀቱ ክር እንዴት እንደተሰበረ በአጉሊ መነጽር ይመለከታል። ሁሉም ከጀርባ ነው። ፊቱን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው።

እኛ ጋ የሚመጣው ምንድን ነው? አፕ። ካሜራውን ትደቅናለህ፣ ክቡ ይዞራል፣ ስም ያመጣል፣ ዋጋ ያመጣል። አንድ የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ስክሪንሾት ላይ አፑ «97% እርግጠኛ» ይላል። በምን? ከፊት ለፊት ፍላሽ በርቶበት በተነሣ ፎቶ! ፍላሽ እኮ ጥላን ይገድላል፤ ግሪል ደግሞ ጥላ ብቻ ነው። ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር ሞዴሉ ከየት ያመጣዋል? የሚሠራውን ስለማውቅ ነው የምናደደው። ምስል የሚለይ ሞዴል ከሰጠኸው ምርጫዎች ውስጥ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል። «አላውቅም» የሚል ምርጫ ካላስቀመጥክለት አላውቅም አይልም። 97% የሚለው ቁጥርም ስለ ቴምብሩ የሚናገረው ነገር የለም፤ ሞዴሉ ከምርጫዎቹ መካከል ምን ያህል እንዳልተወዛወዘ ነው። ይህን የሠራው ልጅ ይህን ያውቃል። አውቆ ነው «አላውቅም» የሚለውን ያወጣው፤ አላውቅም የሚል አፕ ማንም በወር አይከፍልበትማ። ስቲቨንሰን የዛሬ መቶ ዓመት በእርሳስ ያደረገውን እኛ በሰርቨር ማድረግ አቃተን።

«ይኼ የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። የእኛ ግሪል «ቦስታ» ነው።

ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን ያወጣው ኧዤን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ናቸው፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ። በአራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብር ናቸውና ውድ ይመስላሉ አይደል? አይደሉም። ማኅተም ያልተመታባቸው በካታሎግ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይነኩ በቀጥታ አውሮፓ ውስጥ ለሰብሳቢ ተሽጠዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1901 በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማኅተም የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ ተመታባቸው፤ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» የሚል ቃል። ሌሎችም ተከተሉ። ቃሉ የተመታበት ተፈላጊ ነው፣ ያልተመታበት ርካሽ ነው። አሁን እናንተ አጭበርባሪ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ርካሹን ትገዛላችሁ፣ «ቦስታ» የሚል ማኅተም ታስቀርጻላችሁ፣ ጠብ ታደርጋላችሁ። ልክ እንደ ሐሰተኛው ግሪል። ፎርጅዱ ገበያውን የሞላው ለዚህ ነው፤ ሙያው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1919 የወጡት ውብ ቴምብሮችም አሉ። ቀጭኔ፣ ዝሆን፣ ሰጎን፣ አውራሪስ፣ ንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ። ፌስቡክ ላይ ባንዲራ እየተደረገባቸው ሼር የሚደረጉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ መካከል በኋላ እንደገና የታተሙ አሉ፤ በፊታቸው ብትመለከቱ ልባችሁን ያሸፍታሉ፣ ዋጋቸው ግን ከምንም አይቆጠርም። ልዩነታቸው የት ነው? ሙጫው ላይ። የመጀመሪያዎቹ ሙጫቸው ነጭና ለስላሳ ነው፤ የኋለኞቹ ወደ ቡናማ የሚሄድ፣ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ። አሁንም ጀርባው ነው የሚናገረው። እናንተ ደግሞ ፎቶ የምትልኩልኝ በፊቱ ነው፤ ያውም ሙጫውን በሞቀ ውኃ ካጠባችሁት በኋላ።

ስለዚህ አንድ ቴምብር እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከሁሉ የተሻለው ምስክር ከተለጠፈበት ፖስታ ጋር አንድ ላይ መገኘቱ ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሲመታ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ያ ክብ ቴምብሩንና ፖስታውን ያስተሳስራቸዋል፤ ቀን አለው፣ ከተማ አለው። አጭበርባሪ «ቦስታ» የሚለውን ቃል መቅረጽ ይችላል። ቃሉን፣ ቀኑን፣ የላኪውን እጅ ጽሑፍ፣ የመድረሻውን ማኅተም፣ የወረቀቱን ዕድሜ ሁሉ አንድ ላይ አስማምቶ መዋሸት ግን ይከብደዋል። ቴምብሩን ከፖስታው ስትነቅሉት ክቡን ለሁለት ሰነጠቃችሁት። በእጃችሁ የቀረው ያለ ምስክር የቆመ ተከሳሽ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከሁሉ የምወደው ይኼ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረትን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1908 ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይሠራም። ከሐረር በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛንም የፈረንሳዮቹንም ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። በአንድ ፖስታ ላይ ጎን ለጎን፣ ምኒልክና የባሕር በሩ ጌቶች። ዐድዋ ላይ ያሸነፈ አገር ደብዳቤው ባሕር እንዲሻገር የሌላ ሰው ቴምብር ይገዛ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በእጅህ ይዘሃል ማለት ነው። ነጣጥላቸው፤ ሁለት ርካሽ ቁራጭ ቴምብር ታገኛለህ።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አልዳኑም። ቢ ግሪል ያለባቸው ባለ ሦስት ሳንቲሞች በዓለም የሚታወቁት አራት ናቸው፤ አራቱም ከቴክሳስ፣ ከሜሰን ከተማ ወደ ጀርመን ከተላከ ከአንድ ደብዳቤ ላይ የመጡ ናቸው። አስቡት፣ የአንድ ቴምብር ዘር በሙሉ በአንድ ፖስታ ላይ! ያ ፖስታ ባይኖር ኖሮ አራት ተጠርጣሪ ወረቀቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ግምጃ ቤት።

አገው ግምጃ ቤት የአንከሻ ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ የዕቃ ማኖሪያ ማለት ነው፣ በዚህ ቀልድ መጫወቱን ለእናንተ እተዋለሁ። ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን አንድ ደላላ መጣ። አሮጌ ቴምብር፣ የጃንሆይ ሳንቲም፣ የድሮ ብር ምናምን እገዛለሁ ይላል። ለቴምብሩ ሁኔታ ነበረው፤ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ወረቀት መያዝ የለበትም። እንዴት እንደሚነቀልም አሳያቸው፤ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ ማስጣት። በአንዱ 20 ብር።

አክስቴ አርባ ሰጠችው። ስምንት መቶ ብር።

አርባዎቹ ቴምብሮች ከየት መጡ መሰላችሁ? ታናሽ ወንድሟ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ይጽፍላት ነበር። ደብዳቤው የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ አክስቴ ያኔ አማርኛ እምብዛም አትሰማም፣ ማንበብም አትችልም። ከተማ ያለ አንድ አስተማሪ ዘንድ ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ በአማርኛ እያነበበ በአዊኛ ይነግራታል። ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ወታደር ያለበትን ቦታ አይጽፍም። ቀንና ወር አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ዓመተ ምሕረት የለም። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ሰውዬው አልተመለሰም፤ የት እንደቀረም እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

በስልክ ስትነግረኝ «ደብዳቤዎቹስ?» አልኳት።

«አሉ እንጂ፣ ደብዳቤውን ምን አርጌ እሰጠዋለሁ?»

«ፖስታዎቹ?»

«እነሱማ ውኃው አበጣጠሳቸው ልጄ። ለእሳት ሆኑ።»

ገባችሁ? ውስጡ ያለው ወረቀት የት እንዳለ አይናገርም። የት እንደነበረና መቼ እንደነበረ የሚያውቀው ፖስታው ብቻ ነበር። በየፖስታው ላይ፣ ቴምብሩን ለመግደል የተመታ፣ ማንም ልብ ያላለው ክብ ማኅተም ነበረ። አርባውን በተራ ብትደረድሯቸው የአንድ ወታደር መንገድ ነው፤ ከየትኛው ከተማ የትኛው ከተማ፣ መጨረሻ ላይ የት። ያ መንገድ ነው ሳፋ ውስጥ የሟሟው። ማኅተሙ ከቴምብሩ ላይ የቀረው ሩቡ ወይ ግማሹ ነው፤ እሱም ከደላላው ጋር ሄደ። ደላላው ያንን አርባ ቴምብር ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ በፎቶ ያየኋቸው ግን በየትም አገር ሰብሳቢ ዘንድ በከረጢት የሚሸጡ ተራ የዘመኑ ቴምብሮች ናቸው።

አክስቴን አልወቅሳትም። ደላላውንም እንኳ ከሁሉ አስቀድሜ አልወቅሰውም፤ ነጋዴ ነው። የምወቅሰው እኛን ነው፤ ስማርት ስልክ ያለንን፣ እንግሊዝኛ የምናነበውን፣ ቪዲዮውን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ፎርዋርድ የምናደርገውን። «ቤት ያለውን ፈትሹ!» ብሎ ቪዲዮ መላክ አንድ ጣት ነው የሚፈጀው። «ውኃ እንዳታስነኩት» ብሎ መጻፍም ያው አንድ ጣት ነው፤ እሱን የጻፈ አላየሁም።

የሚነሣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊት ተነግሮኛል። «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ደመወዝ እየበላህ፣ ድሀ ወረቀት ታቅፎ ይቀመጥ ትላለህ? ስምንት መቶ ብር ስምንት መቶ ብር ነው።» ልክ ነው። የሁለት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ቅርስ፣ ማንነት፣ ምናምን እያልኩ በባዶ ሆድ ላይ መስበክ አልፈልግም። እንግዲያው በገንዘብ ቋንቋ እንነጋገር። ተራ ቴምብር ተነቅሎ ምንም አያወጣም ማለት ይቻላል። ያው ቴምብር ከነፖስታው፣ ከነማኅተሙ፣ በተለይ ትንሽ ከተማ ማኅተም ያለበት ሲሆን ገዢ አለው፤ የፖስታ ታሪክ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ የሚከፍሉትም ለፖስታው ነው። ሀብት አይሆንም፣ አልዋሽም። ከ20 ብር ግን ይበልጣል። ስለዚህ «ድሀ ነው፣ ይሽጥ» የምትሉኝ ከሆነ፣ ይሽጥ፤ ዕቃውን ሰብሮ ስባሪውን ለምን ይሸጣል?

«ሙዚየም አለልን» የሚልም አለ። አዎ፣ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ጋ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ ሂዱና እዩት፣ ባዶውን ነው የሚውለው። ምኒልክም፣ ቦስታውም፣ ቀጭኔውም እዚያ አለ። ቴምብር በዚህ አገር አልጠፋም፤ አይጠፋምም። የሚጠፋው ሰው ለሰው የላከው ነገር ነው።

አዊ ውስጥ ሳጥን ሁሉ የአክስቴን ዓይነት ደብዳቤ ብቻ ነው የያዘው ማለትም አይደለም። ዳንግላ ላይ እኮ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ካርታ ሠርቷል፣ በ1936ም መጽሐፍ አሳትሟል። አሽከር ነበረው፣ አስተርጓሚ ነበረው፣ በቅሎ የሚያከራዩት ነበሩ። ከዚያ ቢሮ የወጣ አንድ ባዶ ፖስታ እንኳ ደብዳቤ ከዳንግላ በየት በኩል ይወጣ እንደነበር፣ ስንት ቀን እንደፈጀበት ሊነግረን ይችላል። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ዳንግላም እንጅባራም ጦር ሰፈረ። የጣሊያን ወታደር ደብዳቤ የቦታ ስም ሳይሆን የጦር ፖስታ ቁጥር ነው የሚመታበት፤ ቁጥሩ ከቴምብሩ ላይ ተቆርጦ ሲቀር ቦታውም አብሮ ይቀራል። እነዚህ ወረቀቶች የአንዱ ቤት ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ ብዬ አላምልም፤ ካሉ ግን አፕ አያውቃቸውም፣ ደላላው ደግሞ መጀመሪያ የሚያዝዘው ሳፋ ነው።

ሙያዬን ለሚጋሩ ልጆች አንድ ነገር። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት የማውቃቸው ልጆች «የኢትዮጵያ ቅርስ የሚለይ ኤአይ» እንሥራ ብለውኛል። ሳንቲም፣ ቴምብር፣ ብራና፣ ሁሉን በፎቶ። አንዱም ስለ ጀርባ አላነሣም። ሥሩ፣ ግን መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ሁለቱንም ገጽ ካላነሣ ፎቶውን አይቀበል። ቴምብሩ ፖስታ ላይ ካለ፣ ከምንም በፊት፣ ዋጋ ከመናገሩ በፊት፣ በአማርኛም በአዊኛም «አትንቀለው» ይበል። ዋጋ ባይናገር ደግሞ ይመረጣል። ሦስተኛው «አላውቅም» የሚል መልስ ነው፤ እሱን ለማስገባት አንድ መስመር ኮድ ነው የሚበቃው፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ስካነር አላችሁ፣ ቋንቋውን ትችላላችሁ፣ ክረምት ቤታችሁ ትገባላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጣን እያላችሁ አሥረኛውን የሆቴል መያዣ ሲስተም ከምትሠሩ፣ የአንከሻን ደብዳቤዎች አንሱ። የሚያስፈልገው ዳታቤዝ አምስት ዓምድ ነው፤ ከማን፣ ለማን፣ ከየት፣ መቼ፣ አሁን ማን ዘንድ እንዳለ።

እስከዚያው ቤታችሁ ሳጥን ካለ፣ ውኃ አታስነኩት። በፕላስተር አትጠግኑት፣ በስቴፕለር አትምቱት፣ ላሚኔት የሚያደርግላችሁ ካገኛችሁ ሩጡ። ደብዳቤውን ከመጣበት ፖስታ ጋር አንድ ላይ አቆዩት። ጭስ ከሚገባበት፣ አይጥ ከሚደርስበት አርቁት፤ የብስኩት ቆርቆሮ ይበቃል። የፖስታውን ፊትና ጀርባ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳታበሩ፣ መስኮት አጠገብ አንሡ፤ ማኅተሙ የደበዘዘ ከሆነ ስልኩን ሳይሆን ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ብርሃኑ አዘንብሉት። ከዚያ የቤቱን ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ይህ የማን ነው፣ ማን ጻፈው፣ ማን ያነብላችሁ ነበር፣ እሱ አሁን የት ነው? መልሱን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከዓመት በኋላ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ያልፋል።